ለዶስ ጨዋታዎች የትኛው የድምፅ ካርድ ይሻላል? ሳውንድ ብላስተር 16፣ ያማሃ ወይስ ግራቪስ

የ1990ዎቹን የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የተለመደው የኮምፒውተር ስርዓት) ጨዋታዎች ለመጫወት አሮጌ ኮምፒውተር የሚያሰናዳ ሰው፣ የድምፅ ካርድ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሳውንድ ብላስተር 16 ላይ ነው። ስሙ ገናና ስለሆነ አያስገርምም። እኔ ግን አስቀድሜ የምመክረው በያማሃ ዋይኤምኤፍ 719 ቺፕ የተሠሩትን፣ ብዙም የማይወራላቸውን ካርዶች ነው።

በ1992 የወጣው ሳውንድ ብላስተር 16 ባለ 16 ቢት ስቴሪዮ ድምፅ ያወጣል፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ የዶስ ጨዋታዎችም በአብዛኛው ያውቁታል። ለቀዳሚው ለሳውንድ ብላስተር ፕሮ በስቴሪዮ የተዘጋጁትን ግን በሞኖ ነው የሚያሰማው። ይባስ ብሎ የዲኤስፒ (ድምፁን የሚያሰናዳው የካርዱ ቺፕ) ስሪቱ 4.11፣ 4.12 ወይም 4.13 ከሆነ፣ የሚዲ ሞጁል (የሙዚቃ ኖታዎችን ተቀብሎ በመሣሪያ ድምፅ የሚያጫውት ተጨማሪ ክፍል) ገጥመው ዱምን የመሰለ ጨዋታ ሲከፍቱ፣ ተኩሱ በበረታ ቁጥር አንዲት ኖታ ሳትቋረጥ ተንጠልጥላ ልትቀር ትችላለች። ሙዚቃው ያልፋል፣ እሷ ግን መጮኋን ትቀጥላለች። 4.05 ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ስለዚህ ሻጩን ጥርት ያለ ፎቶ ይጠይቁና ሲቲ1741 የሚለውን ቺፕ ይፈልጉ፤ ስሪቱ እዚያው ላይ 405 ወይም 413 ተብሎ ታትሟል።

የያማሃው ካርድ እውነተኛውን የኦፒኤል 3 (የዶስ ጨዋታዎች ሙዚቃቸውን የሚያሰሙበት የያማሃ ድምፅ ፈጣሪ) ሙዚቃ በራሱ ቺፕ ውስጥ ይዟል። የሳውንድ ብላስተር ፕሮን ስቴሪዮ በትክክል ያጫውታል፣ ሚዲው ኖታ አያንጠለጥልም፣ የጀርባ ሹክሹክታውም አነስተኛ ነው። ጉድለቱ የሳውንድ ብላስተር 16ን ባለ 16 ቢት ድምፅ አለመደገፉ ነው፤ በጨዋታ መሀል ይህን ልዩነት የሚለይ ጆሮ ብዙ አይመስለኝም። ሞጁል ለመጨመር ካሰቡ ግን 26ቱ የመግጠሚያ ፒኖች ያሉትን ይምረጡ፤ ሁሉም የላቸውም።

ግራቪስ አልትራሳውንድ 32 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ከራሱ ሜሞሪ ያጫውታል፤ በቀጥታ ለእሱ በተሠራ ሙዚቃ ላይ ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ሳውንድ ብላስተርን የሚመስለው ግን በሶፍትዌር ስለሆነ ብዙ ጨዋታ ላይ ይሰናከላል። ሁለተኛ ካርድ ይሁን እንጂ ብቸኛ አይሁን።

ሦስቱም የአይኤስኤ ማስገቢያ (በማዘርቦርድ ላይ ያለ የቆየ የካርድ መሰኪያ) ይፈልጋሉ። ማዘርቦርድዎ ፒሲአይ (ከዚያ በኋላ የመጣው መሰኪያ) ብቻ ካለውና የሚጫወቱት በዊንዶውስ 98 ከሆነ፣ ሳውንድ ብላስተር ላይቭን ይውሰዱ። የዶሱን ካርድ ሲገጥሙ ደግሞ አድራሻውን 220፣ ኢንተራፕቱን (ካርዱ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበትን መስመር) 5፣ ዲኤምኤውን (ከሜሞሪ ጋር በቀጥታ የሚገናኝበትን መስመር) 1 ያድርጉት፤ አብዛኛው ጨዋታ መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያ ነው።