የተረፈ የጓሮ በርበሬ፦ መፍጫ ልግዛ ወይስ ወፍጮ ቤት ልውሰደው?

ኅዳር በገባ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። ከቡሬም ከፍኖተ ሰላምም ከደምበጫም ዘመድ ወዳጅ ይደውላል፤ «የጓሮዬ በርበሬ ለወጥ ከሚሆነው በላይ ሆነብኝ፤ ያችን የኤሌክትሪክ መፍጫ ልግዛ እንዴ?» አትግዙ። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሂሳብ። አንድ ኪሎ ደረቅ ዛላ የሚወጣው ከአራት ወይም ከአምስት ኪሎ እርጥብ ቀይ በርበሬ ነው። ጓሯችሁ 45 ኪሎ እርጥብ ቢሰጥ፣ ስትጨርሱ በእጃችሁ የሚቀረው 10 ኪሎ ገደማ ነው። መፍጫው 5,000 ብር፣ ወፍጮ ቤቱ በኪሎ 40 ብር ነው እንበል፤ የሰፈራችሁን ዋጋ ተኩበት። ለወፍጮ ቤት በዓመት የምትከፍሉት 400 ብር ብቻ ነው። መፍጫው ዋጋውን እስኪመልስ 12 ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅበታል። 12 ዓመት የሠራ የቤት መፍጫ ያየ ካለ ይንገረኝ። መብራቱንና የጥገናውን ገና አልቆጠርሁም።

ጥገና ካልን ዘንድ፣ የእኅቴ መፍጫ ሁለተኛ መከር ሳያይ ነው ተቃጥሎ የሸተተው። ጠጋኙ ፈትቶ ሲያሳየን መዳብ የመሰለው የሞተሩ ሽቦ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። ሽቦውን እንደገና ለማስጠምጠም የጠየቀው ዋጋ አዲስ ከመግዛት ብዙም አይርቅም። ካርቦኑ፣ ማለትም ሞተሩ ውስጥ እየተፋቀ የሚያልቀው ቁራጭ፣ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ግን በቅጂ ዕቃ ላይ ልኩ የሚገጥም ካርቦን ማግኘትም ራሱን የቻለ ልፋት ነው። ልግዛ የሚል ሰው ገመዱን ይይ። 2,500 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ በ220 ቮልት ከ11 አምፔር በላይ ይስባል። ገመዱ የስልክ ቻርጀር ገመድ የሚያህል ከሆነ ጽሑፉ ውሸት ነው። እውነተኛውም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ማረፍ አለበት፤ ሳያርፍ ከቀጠለ ይግላል፣ በርበሬውም ይጠቁራል። ክዳኑን ቶሎ የከፈተ ደግሞ ቤተሰቡን በሙሉ በሳል ይፈጃል። ለኮረሪማና ለጥቁር አዝሙድ ከሆነ እሺ፣ ትንሿን ግዙ።

ሙቀጫ ሌላ ነገር ነው። ለደረቅ በርበሬ ክንድ ይጨርሳል፤ ለድልህ ግን አቻ የለውም። ሳይደርቅ የቀረውን ቀይ በርበሬ ቀንጥሳችሁ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጨው ጋር ውቀጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ዘይት ብታፈሱበትም እንኳ ውጭ አታሳድሩት። ሙቀጫ ስትገዙ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት የተቦረቦረው በበጋው ፀሐይ ይሰነጠቃል። አረንጓዴውን ቃሪያ በረዶ ቤት መክተት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ለስንግ አይሆንም፣ ይልፈሰፈሳል፤ ለወጥ ነው።

መፍጫ ላይ ልታወጡት ያሰባችሁትን ገንዘብ ማስጫው ላይ አውጡት። ጎጃም ውስጥ በርበሬ የሚበላሸው ሲፈጭ ሳይሆን ሲሰጣ ነው። ርካሹ ሰማያዊ ሸራ አንድ በጋ ፀሐይ ከመታው ይላላጣል፤ ልጣጩ ከዛላው ጋር ተለቅሞ ወፍጮ ይገባል። ጥቁሩ ላስቲክ ደግሞ ከሥር ያልበዋል፤ ከላይ የደረቀ የሚመስለው ዛላ ስትገለብጡት ሆዱ እርጥብ ነው። የእንጅባራን ቀርከሃ ምንጣፍ የመሰለ የለም፤ ነፋስ ከሥር ያስገባል። እሱ ከሌለ ያረጀ ማዳበሪያ ሰፍታችሁ አልጋ ላይ ዘርጉ። መሬት ላይ አይሁን። ማታ ማታ ጤዛ ሳይወርድበት ሰብስቡት። በተለይ ማረቆ ፋና የሚባለውን የበርበሬ ዝርያ የተከላችሁ ታገሡ፤ ዛላው ትልቅ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም። ስትነቀንቁት ዘሩ ሲንኮሻኮሽ፣ ዛላውም ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት ጆንያ ውስጥ ካስገባችሁት ይሻግታል፤ የሻገተውን ለይታችሁ ጣሉ። ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ታምሶም ተቀቅሎም አይጠፋም።

ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእህል ወፍጮው የተለየ የበርበሬ ወፍጮ ያለውን ምረጡ። ሄዳችሁ ቁሙ፤ ትታችሁ አትመለሱ። ከፊታችሁ በርበሬ ያስፈጨ ሰው ቢኖር ይሻላል፤ ሽሮ ከነበረ የመጀመሪያው ጣሳ ዱቄት ሽሮ ሽሮ ይላችኋል። ሚዛኑን ስትገቡም ስትወጡም እዩ፤ ጥቂት መጉደሉ ያለ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ከሄደ ግን ጠይቁ። ነጠላ አፍንጫችሁ ላይ አድርጉ።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አታስፈጩ። ዱቄት ሽታውም ቀለሙም ቶሎ ይለቃል፤ ዛላ ግን ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ይቆያል። እስከ ፋሲካ የሚበቃችሁን አስፈጩ፣ የቀረው በዛላው ይቀመጥ።