የአማርኛ ድረ ገጽ በየብራውዘሩ ለሚዘበራረቅባችሁ፦ ምስጋናና ጥቆማ

የድርጅታችንን ድረ ገጽ ላስተካከለችልን ባለሙያ ምስጋናችን ይድረሳት። ስሟ እንዲጠቀስ ስላልፈለገች ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ሥራዋን ግን እዚሁ እናካፍላችሁ፤ ሌላ ሰው ብትቀጥሩም መጠየቂያ ይሆናችኋል።

ገጹ ዊንዶውስ ላይ በክሮም ሲከፈት ደህና ነው፤ በማክና በአይፎን ግን ሜኑው ሁለት መስመር ይሆናል፣ ጽሑፉም ከሳጥኑ ይወጣል። ጥፋቱ የፎንቱ ሆኖ ተገኘ። የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ (ሲኤስኤሱ) ላይ የተጻፈው ኒያላ የሚባለው ፎንት ብቻ ነበር። ኒያላ የማይክሮሶፍት ስለሆነ አፕል ላይ የለም፤ በምትኩ «ከፋ» የሚባለው ፎንት ይመጣል፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ ኖቶ። ዊንዶውስ 10 ላይ እንኳ ኒያላ ተጨማሪ ሆኖ ካልተጫነ የሚታየው ኢብሪማ ነው። የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ ለአንዱ ልክ የሆነው ሳጥን ለሌላው ይጠባል።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በዎፍ 2 ፋይል (ለድረ ገጽ በተጨመቀ የፎንት ፋይል) ራሳችን ሰርቨር ላይ አስቀመጠችው፤ መደበኛውን ውፍረት 400 እና ደማቁን 700 ብቻ። ደማቁ ካልተጫነ ብራውዘሩ መደበኛውን በራሱ ያወፍረዋል፣ የ«ጠ» እና የ«ዐ» ቀዳዳም ይደፈናል። የመስመር ከፍታውን የፊደሉ መጠን 1.6 እጥፍ አድርጋ ወሰነችው፤ ካልተወሰነ በየፎንቱ ልክ ይለዋወጣልና። ኦፔራ ሚኒ ዳታ አብዝቶ ሲቆጥብ ከድረ ገጹ የሚላክለትን ፎንት ስለማይቀበል ደግሞ የበተኖቹን ቋሚ ስፋት አንስታ በፓዲንግ (በጽሑፉና በበተኑ ጠርዝ መካከል ባለው ክፍተት) ተካችው። ኦፔራ ሚኒን ስንቱ ባለሙያ ነው የሚያስታውሰው!

ቀጥሎ የካርዶቹ (ገጹ ላይ የተደረደሩት ሳጥኖች) መጣበቅ ነበር። ፍሌክስቦክስ (ሳጥኖችን በረድፍ የሚደረድር የሲኤስኤስ ዘዴ) ውስጥ «ጋፕ» የሚባለው የክፍተት ትእዛዝ ሳፋሪ ላይ የሚሠራው ከቨርዥን 14.1 ጀምሮ ነው፣ አሮጌ አይፎን ላይ ካርዶቹ ይጣበቃሉ። ብዙ ሰው ብራውዘሩን ይችል እንደሆነ ስለሚጠይቀው የሲኤስኤስ ትእዛዝ «በሰፖርትስ እንፈትሸው» ይላል፤ አያዋጣም። ሳፋሪ በግሪድ (በሌላው የመደርደሪያ ዘዴ) ውስጥ ጋፕን ቀድሞም ያውቅ ስለነበር «አዎ፣ እችላለሁ» ብሎ ይመልሳል። እሷ በማርጂን (በየካርዱ ዙሪያ በሚተው ክፍተት) ሠርታው ተገላገልን።

የመጀመሪያው ስክሪን ታች በአይፎን አድራሻ መጻፊያው ስር ይደበቅ ነበር፤ ከ100ቪኤች (የስክሪኑ ሙሉ ቁመት) ቀጥሎ 100ዲቪኤች (መጻፊያው ሲታይና ሲደበቅ አብሮ የሚለዋወጥ ቁመት) የሚል መስመር ጨመረች። አሮጌው ብራውዘር ሁለተኛውን ስለማያውቀው ዘሎት ያልፋል፣ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን ለውጥ የለውም። የቅጹን መጻፊያዎች ፊደል ደግሞ 16 ፒክስል አደረገችው፤ ከዚያ ካነሰ አይፎን ሲነካ ገጹን ያጎላዋል።

ባለሙያ ስትመርጡ «ሳፋሪን በምን ፈተሽከው?» በሉት። የክሮምን መስኮት አጥብቤ ካለ እለፉት። አይፎን ላይ በክሮም አየሁት ካለ ደግሞ ሳፋሪን እንጂ ክሮምን አልፈተሸም፤ እዚህ አገር ባለው አይፎን የክሮምም ውስጡ ዌብኪት (የሳፋሪ ሞተር) ነው።

እሷን ስታገኙ የተበላሸውን ገጽ ስክሪንሾት፣ የስልኩን ሞዴልና የብራውዘሩን ቨርዥን አብራችሁ ላኩላት። «አይሠራም» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱኑ ነው።