ዳግም አንባቢ ላደረገችኝ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ

ይህ ምስጋና ነው። ጥቆማም ነው። ምስጋናው በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የውሰት ክፍል ለምትሠራ ባለሙያ ይድረስ። «ስሜን እንዳያወጡት» ብላኛለችና ስሟን አልጽፍም። ሥራዋን ግን አልደብቅም። እንዲህ ያለ እርዳታ እንዳለ የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ልጅ ሳለሁ መጽሐፍ ከያዝኩ ቢጠሩኝ አልሰማም ነበር። ተልኬ ስወጣ መንገድ ላይ እያነበብኩ የተላክሁበት ጉዳይ ይጠፋኝ ነበር። ከዚያ ፈተናው መጣ፣ ሥራው መጣ፣ ልጆቹ መጡ። ማንበቡስ አልቆመም። ሪፖርት አነባለሁ፣ ደብዳቤ አነባለሁ፣ ስልኬ ላይማ ቀኑን ሙሉ አነባለሁ። ሳላውቀው የጠፋብኝ ያ እንቅልፍ የሚነሳ ደስታ ነው። ልመልሰው ስሞክርም የማነሳው «ለሕይወትህ ይጠቅምሃል» የተባለውን መጽሐፍ ነበር። ሁለት ሦስት ገጽ ሳልሄድ ቀልቤ ስልኩ ጋ ነው።

እሷን የጠየቅኋት አጭር ነገር ነው። «አንድ ጥሩ መጽሐፍ ምረጪልኝ» አልኳት።

«ጋሼ፣ ጥሩ መጽሐፍማ ሞልቷል» አለችኝ። «ልጅ ሆነው ከወደዷቸው መጻሕፍት እስካሁን ምኑ ትዝ ይልዎታል?»

ማውራት ጀመርኩ። ዋሻው፣ ደሴቱ፣ በረዶ የሸፈነው መንገድ፣ መርከቡ ውስጥ ያለው ጠባብ ክፍል። እየተናገርኩ አንድ ነገር ገረመኝ። የዋናውን ሰውዬ ስም እንኳ አላስታውስም። መጨረሻውም ጠፍቶኛል። ቦታው ግን ቁልጭ ብሎ ይታየኛል።

«በቃ፣ የእርስዎ በር መቼት ነው፤ ታሪኩ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ» አለች።

ሐሳቡ የናንሲ ፐርል ነው። ሰውን ከሚስማማው መጽሐፍ በማገናኘት የታወቀች አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ናት። በእሷ አባባል አንባቢ ወደ መጽሐፍ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው፤ ታሪኩ፣ ገጸ ባሕርዩ፣ መቼቱ እና ቋንቋው። አራቱም በየመጽሐፉ አሉ፤ ስፋታቸው ግን ይለያያል። አንዱ አንባቢ «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚያሰኝ ነገር ካላገኘ አይቀጥልም። ሌላው ከሰዎቹ ጋር መኖር ይፈልጋል። ሌላው አንድ ያማረ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሞ ይደጋግመዋል። እኔ የማላውቀው አገር ውስጥ ስገባ ነው ነፍሴ የምትፈታው። ጓደኞቼ «አንዴ ከጀመርከው አታስቀምጠውም» እያሉ የሚሰጡኝ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ለምን እንደማይዙኝ ያኔ ገባኝ። መጻሕፍቱ ምንም አልጎደላቸውም። በሩ የእኔ አልነበረም።

ሦስት መጻሕፍት አወጣችልኝ። አንዱ የጉዞ ማስታወሻ ነው። አንዱ ከሰዎቹ ይልቅ ባሕሩ የሚገንበት ልብ ወለድ። ሦስተኛው የልጆች መጽሐፍ ነው። ሳየው ትንሽ አፈርኩ። «ለልጄ ነው ብለው ይውሰዱት» ብላ ሳቀች። ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው። በእኔ እምነት ከማንበብ የራቀ ትልቅ ሰው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው። ጸሐፊው አዋቂ ልምሰል ብሎ አይንጠራራም። ነገሩም ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል።

ሌላው ውለታዋ ካልጣመኝ እንድመልስ መፍቀዷ ነው። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት። ያደግነው «የጀመርከውን ጨርስ» እየተባልን ነው። ያላለቀ መጽሐፍ ራስጌ ተቀምጦ ይታዘበናል፤ እሱን ሳንጨርስ ሌላ መጀመር ያሳፍረናል፤ በዚህ መሀል ዓመት ያልፋል። ፐርል ለዚህም ደንብ አላት። ዕድሜያችሁ ከ50 ካልበለጠ ለመጽሐፉ 50 ገጽ ስጡት። ካልያዛችሁ ተዉት። ከ50 በላይ ከሆናችሁ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱ፤ የ70 ዓመት ሰው 30 ገጽ ይበቃዋል። 100 ዓመት የሞላው ደግሞ ሽፋኑን ብቻ አይቶ መፍረድ ይችላል። ቀልድ ቢመስልም ስሌቱ ልክ ነው። ጊዜው እያነሰ የሚሄድ ሰው ከማይጥመው መጽሐፍ ጋር ግብግብ የሚገጥመው ለምንድነው?

አንድ ቀን ደግሞ ክንዴን ዘርግቼ ስገልጥ አየችኝና «ጋሼ፣ ዓይንዎን ታይተዋል?» አለችኝ። አልታየሁም። ከ40 ዓመት ገደማ ጀምሮ የዓይን ሌንስ መለጠጡን እያጣ ስለሚሄድ ቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል። በሽታ አይደለም፤ ዕድሜ ነው። የንባብ መነጽር ታዘዘልኝና «ማንበብ ያደክመኛል» የምለው ነገር ግማሹ በነነ። መነጽር የማይበቃው ሰውም አማራጭ አለው። አንዳንድ ቤተ መጻሕፍት በትልልቅ ፊደል የታተሙ እትሞችና በድምፅ የተነበቡ መጻሕፍት ያውሳሉ። መስማት ማንበብ አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ለብዙዎቻችን የመጀመሪያው መጽሐፍ ሰው ያነበበልን ነው።

መጀመሪያ ላይ ሥራ አስፈታኋት ብዬ ስሳቀቅ፣ ጠረጴዛዋ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። ኤስ. አር. ራንጋናታን የተባለ ሕንዳዊ፣ ከሒሳብ መምህርነት ወደ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የገባ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1931 ያሳተማቸው አምስት ሕጎች ናቸው። ሁለተኛው ለእያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉ ይላል። አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ቆጥቡ ይላል። «ስለዚህ የመጡት ሥራዬን ሊያሠሩኝ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይኸው። በአቅራቢያችሁ ወዳለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሂዱ። ሰው በማይበዛበት ሰዓት ይሁን። የወደዳችሁትን ብቻ ሳይሆን የጠላችሁትንም ንገሯቸው፤ እንዲያውም የጠላችሁት የበለጠ ይረዳቸዋል። ስትመልሱም ዝም ብላችሁ አስረክባችሁ አትውጡ፤ ምኑ እንደያዛችሁ፣ የት ላይ እንደሰለቻችሁ ተናገሩ። ቀጣዩ ምርጫ የሚሠምረው በዚህ ነው። ሁሉም እንደ እሷ ነው አልልም። «ካታሎጉን ይዩ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ የሚጠቁማችሁም ያጋጥማል። ያኔ በሌላ ተረኛ ሰዓት ተመለሱ።

እሷም ብትሆን እንከን አላጣችም። የመመለሻ ቀን ካለፈ ፊቷ አይፈታም። «ጋሼ» የሚለው ነገር ያን ቀን የለም።

እህቴ፣ ይህን ካነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉዞ ማስታወሻውን ሁለተኛ ቅጽ ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ።