የሞተሬን ስፒከር ላስተካከሉልኝ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ የሞተር ልጆች፣ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ያሳፍረኛል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በቤታቸው ጋራዥ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን እዚህ እንዳላወጣ አስጠንቅቀውኛል፤ «ሰው ከበዛ ሥራ ይበላሻል» ባይ ናቸው። የፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ሞተሬ የ2016 ሃርሊ ዴቪድሰን ስትሪት ግላይድ ስፔሻል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊት ለፊት ፌሪንጉ (ንፋስ የሚከላከለው የፊት ሽፋን) ላይ ሁለት ባለ 5.25 ኢንች ስፒከር አለው፤ ሬዲዮው ለእያንዳንዳቸው 25 ዋት ይሰጣል። ከተማ ውስጥ መብራት ላይ ቆመህ ስትሰማው አይከፋም። አውራ ጎዳና 66 ላይ ወጥተህ በሰዓት 65 ማይል ስትገባ ግን ንፋሱ ይውጠዋል። ዘፋኙ አፉን በጋቢ ሸፍኖ የሚዘፍን ነው የሚመስለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ሱቅ ሄጄ (ስሙን ተዉት) አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እና አዲስ ስፒከር አስገባሁ። ገንዘቡን አታንሱብኝ። ድምፁስ ጨመረ፣ ግን ጩኸት ሆነ እንጂ ዘፈን አልሆነም፤ ማሲንቆው ጥርስ ያፋጫል። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። ሞተሩን ሁለት ሌሊት ካሳደርኩት አይነሳም። ባትሪ ቀየርኩ፣ አዲሱም ሞተ። ሱቁ «የኛ ሥራ አይደለም፣ ሞተርህ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

ጋሼ ጋ የላከኝ አንድ ወዳጄ ነው። በወጣትነታቸው መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር፤ «ያልፈታሁት የታክሲ ቴፕ የለም» ይላሉ። እኔ ደግሞ እንደደረስኩ ያነበብኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። «ጋሼ፣ ሬዲዮው 6.5 የሚባለው ስለሆነ ስፒከሩም 6.5 ኢንች መሆን ነበረበት፤ ሰዎቹ ትንሹን ነው ያስገቡብኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩኝ።

«6.5ቱ እኮ የስክሪኑ መጠን ነው፣ ልጄ።»

ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ስፒከሩን ይፈታሉ ብዬ ስጠብቅ መቀመጫውን አነሱ። ሞተሩን አጥፍተው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው፣ ቴስተራቸውን መሃል አስገቡና «ና እይ» አሉኝ። 0.8 አምፔር ይላል። ጠፍቷል የተባለ ሞተር! የካርቶን ቁራጭ ላይ በእርሳስ አሰሉልኝ፤ ባትሪው 28 አምፔር ሰዓት ነው፣ ለ0.8 ሲካፈል 35 ሰዓት። ሁለት ሌሊትና በመሃሉ ያለው ቀን ማለት ነው። አምፕሊፋየሩን የምትቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ፣ ቁልፍ ሲበራ ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚመጣበት መስመር መቀጠል ሲገባት፣ ቀጥታ ከባትሪው ጋር ታስራለች። እኔ ስተኛ እሱ አይተኛም ነበር።

ይህስ ባትሪ ነው። ያስደነገጠኝ ሌላው ነው። ከባትሪው የሚነሳው ዋናው ሽቦ በሰልባትዮው (በቤንዚን ታንከሩ) ሥር አልፎ ፊት ድረስ ይሄዳል፤ ፊውዙን ያስቀመጡት ግን ባትሪው አጠገብ ሳይሆን ፌሪንጉ ውስጥ፣ ከመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው። ሽቦው መሃል ላይ ተፋቆ ሻሲውን ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም ማለት ነው። ጋሼ በጣታቸው ሰልባትዮውን መታ መታ አድርገው «ቤንዚን ላይ ተቀምጠህ ነው የምትዘፍነው» አሉኝ። የዚያን ቀን ሰልባትዮውን አውርደው ሽቦውን እንደ አዲስ ዘረጉት፤ የሚታጠፍበትን ቦታ ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ሸፈኑት፤ ፊውዙን ባትሪው አፍ ላይ አደረጉት። ቅጥያዎቹን በስታኞ በየዷቸው።

ወደ ድምፁ የመጡት በሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ፌሪንጉ ሲከፈት ስፒከሮቹ ከፕላስቲኩ ጋር እንኳን በደንብ አልገጠሙም፤ በክፍተቱ ጣት ያስገባል። የስፒከር ጀርባም ድምፅ ያወጣል፤ ያ ድምፅ ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ የሚበላው ባሱን ነው። ዙሪያውን ስስ ስፖንጅ ለጠፉለት። «አምፕሊፋየሩ ደህና ነው፣ እንዳትጥለው» አሉኝ፤ ስፒከሮቹን ግን አልወደዷቸውም። ካርቶናቸው ላይ 86 ዴሲቤል የምትል ቁጥር አሳዩኝ፤ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ምን ያህል እንደሚጮሁ የሚለካ ነው። 92 የሆነውን ብገዛ ልዩነቱ ዋቱን አራት እጥፍ እንደማሳደግ ነው። ሰው ሁሉ ዋት ዋት ሲል ይህችን ቁጥር የሚያያት የለም። ውሃ የማይፈራ፣ ባለ 5.25ቱን ራሴ ገዝቼ አመጣሁ፤ እሳቸው በዕቃው ላይ ሳንቲም አላተረፉም።

በመጨረሻ አምፕሊፋየሩ ላይ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቆረጡት። «ባሱን ነው እንዴ የሚቆርጡብኝ?» አልኳቸው። ትንሽ ስፒከር ያን ሁሉ ልጫወት ሲል ነው የሚንፈራገጠው፤ ሲተወው ድምፃዊውና ክራሩ ይጠራሉ አሉ። ሬዲዮው ራሱም ድምፅ ከፍ ባደረግህ ቁጥር ባሱን እያሳነሰ ስለሚሄድ ከሱ ጋር መታገሉ ትርፍ የለውም። «ባስ ካማረህ መኪና ግዛ።»

ከዚያ ጋራዥ ውስጥ ጨርሻለሁ አላሉም። ራስ ቁሬን አስለብሰው ዲሲን የሚዞረው ቤልትዌይ ላይ ላኩኝ፤ «የቱ እንደጠፋብህ ይዘህ ተመለስ» ብለው። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ በየጊዜው በትንሿ ካቻቢቴ ነካ፣ ነካ። በሦስተኛው 65 ማይል ላይ ማሲንቆውን ከነመገዝገዣው ሰማሁት፣ ቃሉም ሳይቀር። በማግስቱ ስካይላይን ድራይቭ ወጣሁ፤ እዚያ የሚፈቀደው ፍጥነት 35 ማይል ስለሆነ ጭራሽ ድምፁን መቀነስ ግድ ሆነብኝ።

ለሁለት ቅዳሜ ሥራ የጠየቁኝ 300 ዶላር ነው። ጨምሬ ብሰጣቸው መለሱልኝ።

ሐቁን ልንገራችሁ፣ ቀርፋፋ ናቸው። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ሥራውን ትተው ስለ ድሮ ቴፕ ግማሽ ሰዓት ሊያወሩ ይችላሉ፤ ቡናም ሳትጠጡ አትወጡም። እሁድ ቅዳሴ ላይ ናቸው፣ እንዳትደውሉ። የቀድሞውን ዕቃችሁን ካርቶን ካልጣላችሁት ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።