ጣሪያዬ ላይ የወጣው አውራ ዶሮ

ጅማ ሄርማታ ገበያ አካባቢ ያለ አንድ ብየዳ ቤት የአውራ ዶሮ ቅርጽ ያለው የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ አሠራሁ። ዋጋው 3,500 ብር ነበር። ሁለት ጊዜ አመላልሶኛል፤ ሥራውን ግን ወድጄዋለሁ።

ያማረኝ የድሮ የአሜሪካ ጠቋሚዎችን ፎቶ አይቼ ነው። እዚያ ገበሬው ጎተራው አናት ላይ ዶሮ ወይም ፈረስ ይተክል ነበር። ቦስተን ከተማ ፋኔል አዳራሽ ላይ ያለው በወርቅ የተለበጠ ፌንጣ እ.ኤ.አ. በ1742 ሼም ድራውን የሚባል ባለሙያ የሠራው ነው። በኋላ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መዳቡን በብረት ቅርጽ ውስጥ እየቀጠቀጡ ግራና ቀኙን ለየብቻ ያወጡና ያጣብቁት ነበር። ዛሬ ሰብሳቢዎች እንደ ቅርስ ይሻሙባቸዋል። አረንጓዴ የሆነውን የመዳቡን ገጽ ሳይ እኔም አንጀቴን በላው።

የእኛው በያጅ ጋሼ መዳብ ስለሚወደድ በላሜራ ሠሩት። እጃቸው ግን ጉድ ነው! የክንፉን ላባ አንድ በአንድ በመሮ መትተው አወጡት። ለዓይኑ ትንሽ ዳዶ በየዱለት። በቀዳዳው ሰማይ ስለሚታይ በሕይወት ያለ ይመስላል።

መጀመሪያ ሲሰቀል ግን አልሠራም። ነፋስ ቢነፍስም ባይነፍስም ደረቱን ወደ ጎረቤት አዙሮ ቀጥ! ጭራው ጠባብ ነበር። የዚህ ዕቃ ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ ክብደቱ ከዘንጉ ግራና ቀኝ እኩል ይሁን፣ ስፋቱ ግን ወደ ጭራው ያመዝን። ነፋሱ ጭራውን ሲገፋው ምንቃሩ ነፋሱ ወደመጣበት ይዞራል። መልሼ ስወስደው ጋሼ «አብሽሪ፣ እናሰፋዋለን» አሉኝ። ጭራውን አስፍተው፣ ኩሽኔታውን ግሪስ ቀብተው ሰጡኝ። ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቁም።

ግቢዬ ውስጥ በማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና አደርቃለሁ። በማግስቱ ጠዋት ቡናዬን ሳገላብጥ ቀና ብዬ አየሁት። ምንቃሩን ወደ ጅሬን ኮረብታ አቅንቶ ቆሟል፤ ነፋሱም ፊቴን የሚመታኝ ከዚያው ነበር። ደስታዬን አልደብቅም፣ ልጆቹን ጠርቼ አሳየሁ።

ቅር ያለኝ ቀለሙ ነው። አንገቱ ሥር ብየዳው ላይ ፀረ ዝገት ሳይቀቡ ስላለፉት ከአንድ ዝናብ በኋላ ዛገ። እናንተ ካሠራችሁ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩት፤ ጭራውንም ከመጀመሪያው ሰፋ አስደርጉት።