ለቤት ዋይፋይ የቱን እንግዛ? ሪፒተር፣ ሁለተኛ ራውተር፣ ሜሽ ወይስ ባለ ሲም

አክስቴ ቤት አራት ኪሎ ነው፣ የድሮ ግቢ ነው፣ ፊት ለፊት ትልቁ ቤት አለ ከኋላ ደግሞ በቆርቆሮ የተሰሩ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፣ አንዱ ውስጥ ልጇ ያጠናበታል ሁለቱን አከራይታቸዋለች። ፋይበር ሲገባላቸው ዋይፋይ ሚሰጠው ዋናው ሳጥን ሳሎን ቡፌው ላይ ተቀመጠ፣ ሳሎን ውስጥ አሪፍ ይሰራል ከኋላ ግን ምንም የለም። ልጁ ሱቅ ሄዶ "ሲግናል ሚጨምር ነገር" ሲላቸው ሪፒተር ሸጡለት፣ ዋይፋዩን ከሳጥኑ በአየር ተቀብሎ መልሶ ሚያሰራጭ እቃ ነው፣ ክፍሉ ውስጥ ሶኬት ላይ ሰካው፣ ስልኩ ላይ ባሩ ሙሉ ሆነ። ማታ ደወለልኝ፣ "ጋሼ ሙሉ ነው እኮ ሚያሳየው፣ ግን ቪዲዮ ልክፈት ስል ዝም ብሎ ይዞራል" አለኝ።

ይሄ ነገር ብዙ ሰው ቤት ስላየሁት ነው ምጽፈው፣ ምክንያቱም ሰው ብሩን አውጥቶ የተሳሳተውን እቃ ገዝቶ ሲያበቃ ኔትወርኩን ነው ሚያማርረው።

ባሩ ሚነግራችሁ በስልካችሁና በሪፒተሩ መሃል ያለውን ብቻ ነው። ሪፒተሩ ራሱ ከሳሎን ሚቀበለው ሲግናል ሁለት ግድግዳና አንድ ቆርቆሮ አልፎ የመጣ ነው፣ ቆርቆሮ ደግሞ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ይመልሰዋል፣ ሚያልፈው በበርና በመስኮት በኩል የተረፈው ነው። በዛ ላይ ርካሹ ሪፒተር ያለው ሬዲዮ አንድ ነው፣ ተቀብሎ ያንኑ በዛው ቻናል መልሶ ነው ሚልከው፣ ሲቀበል አይልክም ሲልክ አይቀበልም፣ ስለዚህ ጥሩ ቦታ ላይ ቢቀመጥ እንኳን ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሪፒተር ከገዛችሁ ዋይፋዩ የሞተበት ክፍል ውስጥ አትሰኩት፣ ገና በደንብ ሚይዝበት መሃል ቦታ ላይ ስኩት። ከተቻለ ደግሞ ባለ ሁለት ባንድ ይሁን፣ ባንድ ማለት ሞገዱ ሚሄድበት ክልል ነው፣ 2.4 እና 5 ጊጋ ኸርዝ ሚባሉት፣ በአንዱ ተቀብሎ በሌላው መላክ ይችላል። ለተከራየ ሰው፣ ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት፣ ለአንድ ክፍል ብቻ ለፈለገ ሰው ጥሩ መፍትሄ ነው። ለግቢ ቤት ግን አልመክርም።

አክስቴ ጋር ያደረግነው እንዲህ ነው፣ ሪፒተሩን መልሰን ርካሽ ራውተርና የኔትወርክ ገመድ ገዛን፣ ገመዱን ከሳሎን በመስኮቱ ጥግ አውጥተን በጣሪያው ክፈፍ ስር አስኬድነው፣ ከኋላ ራውተሩን ሰቀልነው። 10 ሜጋ ነው ፓኬጃቸው፣ በሪፒተሩ 2 እንኳን በግድ ነበር ሚደርሰው፣ በገመድ ስናደርገው ግን ከኋላም ከፊትም እኩል ሆነ። ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነቱን አይቀንስም፣ ካት 5ኢ የሚባለው 1 ጊጋ ይሸከማል፣ ከዛ በላይ የቤት ኢንተርኔት ያለው ሰው ደግሞ አላጋጠመኝም። ስለዚህ ገመድ መዘርጋት ሚቻልበት ቤት ሁሉ የኔ ምርጫ ሁለተኛ ራውተር በገመድ ነው፣ ከሪፒተርም ከውድ ራውተርም ይበልጣል።

ግን ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ያለችውን ሳጥን እዩዋት። እኛ ሀገር ሳጥኗ ቡፌ ውስጥ፣ ከቲቪ ኋላ፣ አንዳንዴም አቧራ እንዳይነካት ተብሎ ዳንቴል ተደርጎባት ነው ምትገኘው። ዳንቴሉ ሲግናል አይከለክልም ግን ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይቆራረጣል፣ እሱን አንሱት። ከቲቪ ኋላ ካለች አውጡና ከፍ አድርጉ፣ ከፍሪጅና ከማይክሮዌቭ አርቁ፣ ውሃም ሲግናል ይውጣል፣ ስለዚህ በረንዳ ላይ ሮቶ ካለ ሮቶው መሃል እንዳይገባ። አንድ እናት ቤት ካዛንቺስ ከቡፌው ውስጥ አውጥቼ ኮሪደሩ ላይ ስላስቀመጥኳት ብቻ መኝታ ቤቱ ሰርቶ ምንም ሳይገዙ ቀርተዋል። ስታነሷት ግን የፋይበሩን ቀጭን ሽቦ አትጠፉት፣ ውስጡ መስታወት ነው፣ በጣም ከታጠፈ ቀይ መብራት ይበራና ኢንተርኔቱ ይጠፋል፣ ሰፋ አድርጋችሁ ጠምዝዙት።

አሁን ወደ ቤቱ ዓይነት እንምጣ፣ ምክንያቱም ምትገዙት እቃ እዚህ ላይ ነው ሚለየው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ያለ ጓደኛዬ ቤት ስልኬን ከፍቼ ዋይፋይ ስፈልግ ከሃያ በላይ ስም ነው ሚመጣው፣ የላይ ቤት የታች ቤት የጎን ቤት ሁሉም 2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ነው። እዛ የ2.4 ባንድ ላይ ሳይደራረቡ ሚሰሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፣ ሃያ ሰው በሦስት መንገድ እንደመሄድ ነው። ማታ ሁሉም ሲገባ ሚንቀረፈፈው ለዛ ነው። እዚህ ቤት ሚያስፈልገው ባለ ሁለት ባንድ ራውተር ነው፣ 5 ጊጋ ኸርዙን ስትጠቀሙ ብዙ ቻናል አለ፣ ብሎኬትና ኮንክሪት በቀላሉ ስለማያልፍም የጎረቤት አይረብሻችሁም። የኮንዶሚኒየም ቤት ትንሽ ስለሆነ 5 ጊጋው ይበቃዋል፣ ባለ ሦስት መኝታ ከሆነ ጥጉ ክፍል ላይ ሊደክም ይችላል፣ እዛ 2.4ቱ ይይዝላችኋል። ለግቢ ቤት ግን ጎረቤቱም ራቅ ያለ ስለሆነ 2.4 ብቻ ያለው ርካሹም ይሰራል፣ ሚያስፈልገው ገመዱ ነው።

ሱቅ ላይ ብዙ ምታዩትን ላወዳድር። ቲፒ-ሊንክ ደብሊውአር840ኤን የሚባለው ባለ ሁለት አንቴና ትንሹ ነጭ፣ 2.4 ብቻ ነው፣ ካርቶኑ ላይ 300 ሜጋ ይላል ግን መሰኪያዎቹ 100 ሜጋ ብቻ ናቸው፣ 300ው በአየር ላይ ሚባለው ትልቁ ቁጥር ነው እንጂ እጃችሁ ሚገባው አይደለም። ለአክስቴ የገዛነው እሱን ነው፣ ለ10 ሜጋ ከበቂ በላይ ነው። አርቸር ሲ20 ሁለት ባንድ አለው፣ መሰኪያው ግን አሁንም 100 ሜጋ ነው፣ ፓኬጃችሁ ከ100 በታች ከሆነና ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ እኔ እሱን ነው ምመርጠው። አርቸር ሲ6 መሰኪያዎቹ 1 ጊጋ ማለትም 1,000 ሜጋ ናቸው፣ 5 ጊጋ ኸርዙ ላይ እስከ 867 ሜጋ ይላል፣ 100 ሜጋና ከዛ በላይ ካስገባችሁ ወይ ቤት ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ትልልቅ ፋይል ምታስተላልፉ ከሆነ ብሩ ያዋጣል። አርቸር ኤኤክስ10 ዋይፋይ 6 ነው፣ ብዙ ስልክ ባንዴ ሲገባ ነው ጥቅሙ ሚታየው፣ ስልኮቻችሁ የድሮ ከሆኑ ግን እንደ ድሮው ነው ሚያናግሩት፣ ልዩነቱ አይታያችሁም። ሻጩ "አንቴናው ብዙ ነው" ካላችሁ በአንቴና ብዛት አትግዙ፣ ባንዱንና መሰኪያውን ጠይቁ። ዋጋ አልጻፍኩም፣ ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፣ መርካቶና ቦሌም አንድ አይደለም፣ ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

አንድ ብዙ ሰው ሚሸወድበት ነገር አለ። በስልክ መስመር በመዳብ ሚመጣው የድሮው ኤዲኤስኤልና ፋይበር ሚፈልጉት እቃ የተለያየ ነው። ቲፒ-ሊንክ ላይ ስሙ በቲዲ የሚጀምር ከሆነ ለስልክ መስመር ነው፣ ከኋላው ጠበብ ያለ የስልክ ገመድ መሰኪያ አለው። ፋይበር ያለው ሰው ይሄን ቢገዛ ላላስፈለገው ነገር ነው ሚከፍለው፣ የስልክ መስመር ያለው ሰው ደግሞ ደብሊውአር ወይ አርቸር ሲ6 ቢገዛ ሞደሙን አይተካለትም፣ የስልኩ ገመድ ሚገባበት ቦታ የለውም። አንድ ሰው ሜክሲኮ አካባቢ እንዲህ አድርጎ ገዝቶ ሱቁ አልመልስም ብሎት እኔ ጋር ይዞት መጥቷል፣ ያለው ሞደም ላይ በገመድ ቀጥለን አዳንነው እንጂ ብሩ ሊቀር ነበር።

ሜሽ ሚባለው ሁለት ወይ ሦስት ሳጥን አንድ ላይ ሚሸጠው ነው፣ ቲፒ-ሊንክ ዴኮ ኤም4 ምናምን። ጥሩነቱ ከክፍል ክፍል ስትሄዱ ስልኩ ራሱ ይቀያይራል፣ ሴቲንጉም በስልክ አፕ ስለሆነ ቀላል ነው። ጂ+2 ቤት ላለውና መበሳት ለማይፈልግ ሰው እመክራለሁ። ግን ያለ ገመድ ከሆነ እሱም እርስ በርሱ ሚነጋገረው በአየር ነው፣ ኮንክሪት ወለል መሃል ሲገባ ይደክማል፣ ስለዚህ ሜሽም ገዝታችሁ ከተቻለ ፎቆቹን በገመድ አገናኙ።

ባለ ሲም ራውተር ሌላ ነገር ነው። ፋይበር ያልደረሰበት ሰፈር፣ ወይ በልማት ምክንያት ነገ ልነሳ እችላለሁ ለሚል ሰው፣ ወይ ቶሎ ቶሎ ቤት ለሚቀይር ተከራይ እሱ ይሻላል፣ ሲም አስገብታችሁ መስኮት ዳር ማስቀመጥ ነው። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 አዲስ አበባ ከጀመረ ወዲህ የኢትዮ ቴሌኮም ብቻ አይደለም ምርጫው። ስትገዙ ግን ለአንድ ኔትወርክ ብቻ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፣ የተቆለፈ ከሆነ የሌላውን ሲም አይቀበልም። ሌላው ፓኬጁ ነው፣ ቤት ውስጥ አራት ሰው ቪዲዮ ሚያይ ከሆነ በጊጋ ሚቆጠር ፓኬጅ ቶሎ ነው ሚያልቀው፣ ያኔ ያልተገደበ ብሮድባንድ ይሻላል።

መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም ይጠፋል፣ ፋይበሩ ግን በብዙ ሰፈር አይጠፋም፣ የጠፋው የናንተ ሳጥን ነው። ሚኒ ዩፒኤስ ግዙ፣ ለራውተር ሚሆን ትንሽ ባትሪ ነው። 8,800 ሚሊ አምፒር ያለው ወደ 32 ዋት ሰዓት ነው ሚይዘው፣ ሳጥኑና ራውተሩ አንድ ላይ 10 ዋት ገደማ ቢበሉ መንገድ ላይ ሚባክነው ተቀንሶ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ያቆያችኋል። ሳጥኑም ራውተሩም እንዲሰሩ ሁለት መውጫ ያለው ይሁን፣ አንዱ ብቻ ቢሰራ ጥቅም የለውም። ከሁሉም በላይ የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፣ አንዳንዱ 9 ቮልት ነው አንዳንዱ 12 ቮልት፣ 9 ሚፈልገው ላይ 12 ከሰካችሁ ሊቃጠል ይችላል።

የሁለተኛው ራውተር አገጣጠም ላይ ሁለት መንገድ አለ። ለራሳችሁ ቤተሰብ ከሆነ አክሰስ ፖይንት ሞድ አድርጉት፣ ያኔ የዋናውን ዋይፋይ ማስፋፋት ብቻ ነው ሥራው፣ ምርጫው ከሌለው ለስልኮቹ አድራሻ ሚያድለውን ዲኤችሲፒ አጥፉና ገመዱን ከዋናው ሳጥን ላን ከሚለው መሰኪያ ወደ ሁለተኛው ላን ስኩት፣ ዋን ሚለውን ቀለሙ ለየት ያለውን መሰኪያ አትንኩ። የሁለተኛው ራውተር የራሱ አድራሻ ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ መቀየር አለበት፣ ዋናው ሁዋዌ ከሆነ ብዙ ጊዜ 192.168.100.1 ነው፣ ዜድቲኢ ከሆነ 192.168.1.1፣ ሁለተኛውን 192.168.100.2 ወይ 192.168.1.2 በሉት፣ ከዛ ስሙንና ፓስወርዱን ከዋናው ጋር አንድ አድርጉ። አታሚውም ቲቪውም ሁሉም ይተያያሉ።

ለተከራይ ሚያካፍል ሰው ግን ሌላኛውን መንገድ ያርግ፣ ገመዱን ዋን ላይ ሰክቶ ራውተሩን እንደ ራውተር ይተወው። ያኔ ፍጥነት ሚያከፋፍለው ባንድዊድዝ ኮንትሮል ሚለው ውስጥ ገብታችሁ ከ10 ሜጋው 4ቱን ለኋላ ብላችሁ መወሰን ትችላላችሁ፣ አንድ ሰው ሲያወርድ የሌላው ስብሰባ አይቆረጥም። አክስቴ ጋር ማታ ማታ በዚህ ነበር ጭቅጭቁ፣ አሁን ቀርቷል። ግን ልብ በሉ፣ ተከራዩ ከሁለተኛው ራውተር ኋላ ሆኖም የዋናውን ሳጥን የሴቲንግ ገጽ መክፈት ይችላል፣ ስለዚህ የዋናውን አድሚን ፓስወርድ ቀይሩት፣ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን እንዳለ አትተዉት። ፓስወርድ ሳይጻፍ ሚያስገባውን ደብሊውፒኤስ ሚለውንም አጥፉ፣ ሴኩሪቲው ደብሊውፒኤ2 ወይ 3 ይሁን።

ገመድ ስትገዙ ውስጡ ንጹህ መዳብ መሆኑን ጠይቁ፣ አልሙኒየም ላይ መዳብ የተቀባው ርካሽ ነው ግን ሲታጠፍ ይሰበራል። ጫፉን በቢላ ፈቅፈቅ ስታደርጉት ነጣ ካለ አልሙኒየም ነው። ውጪ ሚያልፍ ከሆነ ለውጪ የተሰራውን ጥቁሩን ውሰዱ፣ ነጩ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ልጡ ይሰነጣጠቃል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት መንገዱን በሲባጎ ለኩት፣ በጥጉ በክፈፉ በበሩ ላይ ሁሉ አዙራችሁ፣ ከዛ 5 ሜትር ጨምሩበት፣ አክስቴ ጋር 22 ሜትር ለክተን 3 ብቻ ጨምረን 25 ነበር የገዛነው፣ እሷም ወደ ጫፉ ስትደርስ ልክ በቃችን።