በአዲስ አበባ ዳርቻ ለሚኖር ጀማሪ፦ ባለ 70 ሚሊ ሜትር የሌንስ ቴሌስኮፕ ወይስ ባለ 130 የመስታወት?

የመጀመሪያ ቴሌስኮፑን የሚገዛ ሰው በአብዛኛው በሁለት ዓይነቶች መካከል ያመነታል። አንደኛው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚሰካ፣ የፊት ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ረጅም ቱቦ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ 130 ሚሊ ሜትር ስርጉድ መስታወት ያለው፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አጭር ቱቦ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ቁጥር ለምርጫው አይጠቅምም፤ ጠቃሚው ማጉላት ከስፋቱ እጥፍ ብዙም ስለማያልፍ የባለ 70ው ወሰን 140፣ የባለ 130ው 260 ገደማ ነው።

ባለ 130ው ከባለ 70ው ከሦስት እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ለጨረቃ፣ ለሳተርን ቀለበትና ጋሊሌዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ላያቸው አራት የጁፒተር ጨረቃዎች ባለ 70ውም ይበቃል። ልዩነቱ የሚገለጠው በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች በደቡብ በኩል 33 ዲግሪ ያህል ከፍ በሚለው ኦሜጋ ሴንታውሪ በተባለው የኮከቦች ክምችት ላይ ነው፤ በትንሹ ቴሌስኮፕ ደብዛዛ ጉም የሚመስለው በትልቁ ወደ ጥቃቅን ኮከቦች መነጣጠል ይጀምራል። ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ግን የከተማው ብርሃን ያለው በዚያው በደቡብ በኩል ስለሆነ፣ ይህን ክምችት ከሰበታ ወይም ከዱከም ወጣ ብሎ ማየት ይሻላል።

ማቆሚያውን ከመስታወቱ ባላነሰ ጥንቃቄ መመርመር ይገባል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፕላኔቶች ከአናታችን አቅራቢያ ያልፋሉ፤ በዚህ ጊዜ የረጅሙ ቱቦ የታችኛው ጫፍ ከማቆሚያው እግሮች ጋር ይጋጫል፣ ተመልካቹም አንገቱን አጥፎ ለመንበርከክ ይገደዳል፣ የሜዳው ነፋስም ቀጭኑን ማቆሚያ ያንቀጠቅጠዋል። የመስታወቱ ቴሌስኮፕ ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ ከላይ በጎን በኩል ስለሆነ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ አስቀምጦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻላል። በሰሜን ኮከብ የሚስተካከለውን ማቆሚያ ለጀማሪ አልመክርም፤ ኮከቡ እዚህ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ተራራ ወይም ባሕር ዛፍ ይጋርደዋል።

የመስታወቱ ጉድለት በኮረኮንች መንገድ ሲጓጓዝ መስታወቶቹ ከቦታቸው ፈቀቅ ማለታቸውና በብሎን መስተካከላቸው ነው፤ ልምድ ላለው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ቢሆንም ለአዲስ ሰው ያሰለቻል። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኖሮ በየጊዜው በታክሲ ይዞ ለሚወጣ ባለ 70ውን፣ ግቢ ላለው ግን ያለማመንታት ባለ 130ውን እመርጣለሁ።

በሁለቱም ቢሆን ወደ ፀሐይ የሚያይ ሰው ማጣሪያውን በቱቦው ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንደታየው ያለ የቀለበት ግርዶሽም ያለ ማጣሪያ አይታይም። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣው፣ ዓይን በሚጠጋበት ሌንስ ላይ የሚጠመዘዘው ጥቁር መስታወት በሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ ልጆች እጅ ሳይገባ ካርቶኑ እንደተከፈተ ሰብሮ መጣል ነው።